ጎጆውን ሳትለይ ወፉን አትግደል

ገበሬ ወንድሜ ሆይ! በማሳህ ላይ የሚበረው ወፍ ሁሉ ጠላትህ አይደለም። ሁሉም አንድ መስሎ ከታየህ ግን ጠላትህን ትተህ ወዳጅህን ትገድላለህ። ወፍን ለይቶ ለማወቅ ከሚረዱህ ነገሮች አንዱ ጎጆው ነው። ስለዚህ ዛሬ ሦስቱን እንመልከት።

1ኛ፤ ጉጉት። ፊቱ የልብ ቅርጽ ያለው ነጩ ጉጉት ጎጆ አይሠራም። በዛፍ ቀዳዳ ወይም በአሮጌ ቤት ጣሪያ ሥር ይገባል። ሴቷ ከ4 እስከ 7 እንቁላል ጥላ አንድ ወር ያህል ትታቀፋለች፤ ወንዱም ሌሊት እያደነ ይመግባታል። ከማደሪያው በታች ጠጉር የተጠቀለለበት ድቡልቡል ነገር ታገኛለህ። ፈልፍለህ ብታየው የአይጥ አጥንት ነው። ብዙ ሰው «ድምፁ ሟርት ነው» እያለ ይገድለዋል፤ ጉጉቱ ሲሞት ግን ደስ የሚለው ጎተራህን የሚቦረቡረው አይጥ ነው። የአይጥ መርዝ ብታኖር የሞቱትን አይጦች ሰብስበህ ቅበር፤ አለዚያ ጉጉቱም በልቷቸው ይሞታል።

2ኛ፤ ቢጫው ጎጆ ሠሪ። ወንዱ ሣር እየሰነጠቀ እንደ ሸማኔ ይጠላልፍና ከቅርንጫፍ ጫፍ ያንጠለጥላል። የጎጆው በር ወደ ታች ነው። እህል መቅመሱ አይቀርም፤ ጫጩቶቹን ግን በነፍሳት ጭምር ያሳድጋል። ማሳህን መጠበቅ ይበቃሃል።

3ኛ፤ ግሪሳ። ይህ ዋናው ጠላት ነው። በቆላ እሾሃማ ግራር ላይ በሺህ የሚቆጠር ጎጆ ተጠጋግቶ ይሠራል። የጎጆው በር በጎን፣ ወደ ላይኛው ጫፍ ነው። እንቁላሉ በ12 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። አንዱ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ቢበላ፣ 100,000 ግሪሳ 10 ኩንታል ይጨርሳል። ጫጩቶቹ መብረር ከጀመሩ በኋላ ብትጮህ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ጎጆውን እንዳየህ በዚያው ቀን ለልማት ሠራተኛህ ንገር። በገዛ እጅህ መርዝ አትርጭ፤ መርዝ ንብህንና ከብትህንም አይምርም።

የልማት ሠራተኛ ሆይ! አንተም ጎጆው የግሪሳ መሆኑን በዓይንህ ሳታረጋግጥ ለበላይ አታስተላልፍ።

መልመጃ፦ በዚህ ሳምንት ከልጆችህ ጋር የማሳህን ዳር ዙር። ስንት ጎጆ አገኛችሁ? በሩስ ወዴት ነው?