ጋፋትንም ንገሯቸው

ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሉት ነበር። የቋራው ካሳ ኃይሉ ይህን ስድብ እየሰማ ነው የኖረው። በዚያው ዘመን ግን በአገሩ ሌላም ወሬ ነበር፦ ከመከራው በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል፣ አገርም ያርፋል የሚል። ትንቢቱ ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው መጽሐፍ ላይ የሰፈረ ነው። ካሳ ከሁለቱ የትኛውን በልቡ ይዞ እንደቆየ የታየው በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ነው። ዘውድ ሲደፋ ስሙን ቴዎድሮስ አለ።

ወዳጄ፣ በጆሮ የገባ ታሪክ ተኝቶ አይቀርም። ረሳሁት ስትል እሱ ውስጥ ውስጡን ይሠራል። «እኔ እኮ አልችልም» የሚለው አመልህም ያንተ ሐሳብ ላይሆን ይችላል፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ነግሮህ ይሆናል። እስቲ «ማን ነው የነገረኝ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ።

ትንቢት ብቻውን ግን መድፍ አይሠራም። ለዚህ ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ምስክር ናት። እዚያ የሰፈሩት እነ ዋልድማየር ከአውሮፓ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ እንጂ መድፍ የመሥራት ሙያ የነበራቸው አልነበሩም። መድፍ ሥሩ ሲባሉ እንደማያውቁበት ቢናገሩም ንጉሡ ቴዎድሮስ አልለቀቋቸውም (የንጉሥ ትእዛዝ መሆኑን አንርሳ፤ በምርጫቸው የገቡበት ሥራ አልነበረም)። ሞከሩ፣ ከሸፈ። ደግመው ሞከሩ፣ ተሳካ። በመጨረሻም 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ። ያን መድፍ ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ በሰው ጉልበት ወራት ፈጅቶ መቅደላ አደረሱት። ንጉሡም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሱ ነበር።

እኛ ግን ታሪኩን ስንነግር እንቸኩላለን። ጋፋትን ዘለን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ራሳቸውን የገደሉበት ሽጉጥ ላይ ደርሰን እናቆማለን። ጀግንነቱን ማንም አይክድም። ነገር ግን ልጅ ከታሪኩ የሚይዘው መጨረሻውን ብቻ ከሆነ፣ በቸገረው ቀን ትዝ የሚለው እንዴት እንደሚሞት እንጂ እንዴት ተደግሞ እንደሚሞከር አይደለም። እኔ እንዲህ ያለውን አተራረክ ግማሽ ታሪክ ነው የምለው።

ስለዚህ ለመጪው ቡሄ አንድ ነገር አደራ። ጅራፋቸውን አጩኸው፣ ጨፍረው ደጃችሁ ለሚቆሙት ልጆች ሙልሙሉን ስጧቸው። ከዚያ ትንሽ አስቀምጧቸውና፣ የማያውቁትን ሥራ ከሽፎባቸው ደግመው ስለሞከሩት የጋፋት ሰዎች ንገሯቸው።