ለፋሲካ የሚከማች እንቁላል ስንት ቀን ይቆያል?

በራቤልና በአጠቃላይ በመንዝና ግሼ ደጋ እንቁላል በብዛት የሚከማችበት ወቅት የታወቀ ነው። ዶሮዋ ጾም አታውቅምና በሁዳዴ 55 ቀናትም መጣሏን ትቀጥላለች፤ ገበያው ግን ይቀዘቅዛል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ ገበሬውም ሰብሳቢ ነጋዴውም እንቁላሉን ለፋሲካ ያስቀምጣል። በጾሙ መግቢያ የተጣለው እንቁላል ለበዓሉ ሲደርስ 8 ሳምንት ያህል ሆኖታል ማለት ነው። የልማት ሠራተኞች ለማኅበራት ማስረዳት ያለባቸው ዋናው ጉዳይ ይህ ነው።

የእንቁላል ቅርፊት ድፍን ይምሰል እንጂ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። በእነዚህ በኩል እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ የውጭ አየር ይገባል። በዚህም የተነሳ በወፍራሙ ጫፍ ያለው የአየር ክፍተት ይሰፋል፣ ነጩ ይቀጥናል፣ አስኳሉም ይለሰልሳል። ይህ እርጅና እንጂ ብልሽት አይደለም። ብልሽት የሚመጣው ባክቴሪያ በቀዳዳዎቹ ወይም በስንጥቅ ገብቶ ሲራባ ነው። ሁለቱንም የሚያፋጥነው ሙቀት ነው።

በዚህ ረገድ የደጋው ብርድ እንደ ሀብት ሊቆጠር ይገባዋል። ንጹሕና ያልተሰነጠቀ እንቁላል ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ጥላ ክፍል 3 ሳምንት ያህል በደኅና ይቆያል። ያው እንቁላል ወደ ጃማና ወንጪት ቆላ ቢወርድ ከ1 ሳምንት በላይ ባይቀመጥ ይመረጣል። ማቀዝቀዣ ባለበት ከ4 እስከ 5 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። 8 ሳምንት በገለባ ውስጥ ማስቀመጥ ግን በደጋም ቢሆን የሚመከር አይደለም።

በአካባቢያችን አውራ ዶሮው ከሴቶቹ ጋር ስለሚውል አብዛኛው እንቁላል ጽንስ አለበት። ጽንሱ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ሲል ማደግ ሊጀምር ስለሚችል እንቁላልን ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ስሕተት ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከታቀፈች ዶሮ ሥር ሳይፈለፈል የቀረውን ሰብስቦ ከገበያው እንቁላል ጋር መቀላቀል ነው። ይህን የሚያደርግ አባል የማኅበሩን ስም ለጥቂት ብር ይሸጣል። ዶሮዋ ቦታዋን እንዳትለቅ ጎጆዋ ውስጥ የሚተወው እንቁላልም በከሰል ምልክት ይደረግበት፤ ካልሆነ አሮጌው ከአዲሱ ጋር ይነሣል።

እንቁላል በየቀኑ ይሰብሰብ፤ የተሰበሰበበት ቀን በእርሳስ ይጻፍበት። ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ በደረቅ ገለባ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከነጭ ጋዝና ከሽንኩርት ይራቅ፣ ሽታ ይስባልና። ለማስቀመጥ የታሰበ እንቁላል አይታጠብ፤ ውሃው ቅርፊቱን የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን ያነሣል። ጥቂት ቆሻሻ ካለበት በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ በኩስ የተለወሰውና የተሰነጠቀው ግን ለክምችት አይሁን።

ዕድሜውን ለመገመት በውሃ መሞከር ይቻላል። በጎኑ የሚተኛው ትኩስ ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ያረጀ ስለሆነ ቶሎ ይበላ፤ የሚንሳፈፈው ይጣል። ሙከራው ቅርፊቱን ስለሚያረጥብ ወዲያው ለሚበላ እንጂ ለሚከማች አይሆንም። ለክምችት በጨለማ ክፍል በባትሪ ብርሃን መመርመር ይሻላል። ይሁን እንጂ ሳልሞኔላ የተባለው፣ ተቅማጥና ትውከት የሚያስከትለው ባክቴሪያ በዚህ ሁሉ አይታወቅም፤ ሽታም መልክም ላይለውጥ ይችላል። መከላከያው ነጩም አስኳሉም እስኪጠነክር ማብሰል ነው። በ3000 ሜትር ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ በደጋ ቅቅሉ ከቆላው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል።

እንግዲህ ማኅበሩ የሁዳዴን እንቁላል ምን ያድርገው? በጾሙ መጀመሪያ የሚገኘው ከፊሉ በ7 ቀን ውስጥ ለታቃፊ ዶሮዎች ይሰጥ፤ ጫጩቱ በ21 ቀን ይወጣል። ገና ለጾም ያልደረሱ ሕፃናትም ይብሉት፤ ለእነርሱ ጠቃሚ ምግብ ነው። ሌላው በየሳምንቱ፣ በርካሽም ቢሆን፣ ይሸጥ። ለፋሲካ የሚቀመጠው በመጨረሻዎቹ 3 ሳምንታት የተጣለው ብቻ ይሁን፤ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ የመንገዱና የሻጩ መደርደሪያ ቀናትም ከዚሁ ላይ ይቀነሱ።