ዛፍ ስለሚያጭድ መኪና

በድሬዳዋ ገጠር በዋሂል ማሽላ የሚያጭድ ገበሬ አስቀድሞ አገዳውን በግራ እጁ ይይዛል፤ ከዚያም በቀኝ እጁ ማጭዱን ስቦ ይቈርጣል። አገዳውን ሳይዝ ቢቈርጥ ግን ወዳልታሰበበት ይወድቅበታል። ደናቸው ብዙ በኾነው በፊንላንድና በስዊድን ደግሞ ዛፍን እንደ አገዳ ይዞ የሚያጭድ መኪና አለ።

ይህ መኪና በትልልቅ ጐማዎች የሚሄድ ሲኾን ረጅም የብረት ክንድ አለው። በክንዱ ጫፍ የተንጠለጠለው መሣሪያ ራስ ይባላል፤ ሥራውን ኹሉ የሚፈጽመውም እርሱ ነው። ነጂው በመስተዋት በተከበበ ክፍል ተቀምጦ ራሱን ወደ ዛፉ ግንድ ያደርሰዋል። የሥራው ተራም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ጠማማ የብረት ክንዶች ግንዱን ዐቅፈው ይይዛሉ።
ሁለተኛ፤ በሰንሰለት የሚዞር መጋዝ ግንዱን ከሥሩ ይቈርጣል፤ ራሱም ዛፉን ወደታሰበበት ስፍራ ያጋድመዋል።
ሦስተኛ፤ ጥርስ ያላቸው መንኰራኵሮች ግንዱን ይስባሉ፤ ግንዱ ሲያልፍም ስለታም ቢላዎች ቅርንጫፉን ይመለምላሉ።
አራተኛ፤ አንዲት ትንሽ መንኰራኵር ርዝመቱን ትለካለች፤ ኮምፒዩተርም ርዝመቱንና ውፍረቱን መዝግቦ የመቍረጫውን ስፍራ ያመለክታል፤ መጋዙም በልክ ይቈርጠዋል።

ይህ ኹሉ ለአንድ ዛፍ ብዙ ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። እንዲህ ያለው ራስ የተስፋፋው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ ነው። በብራዚልም የባሕር ዛፍን ቅርፊት ጭምር የሚልጥ ራስ ይሠራበታል።

ነገር ግን ተማሪው ይህን ያስተውል። መኪናው የመቍረጡን ጊዜ አሳጠረ እንጂ የማደጉን ጊዜ አላሳጠረም። በፊንላንድ የተተከለ ጥድ ለሳንቃ እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ የአገሩ ሕግ ደኑን ጨርሶ የቈረጠ ባለመሬት በስፍራው አዲስ ደን እንዲያበቅል ያስገድደዋል። ደግሞም ነጂው የመለመለውን ቅርንጫፍ በመኪናው ፊት አንጥፎ በላዩ ይሄዳል፤ ይህም አፈሩ በክብደቱ እንዳይጐዳ ነው።

በተራቈተ ተዳፋት ላይ ዝናብ ሲጥል ውሃውን የሚያዘገየው ነገር የለም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓመተ ምሕረት ሌሊት ከደጋው የወረደው ጐርፍ የደቻቱን ወንዝ አሙልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። እንግዲህ መጥረቢያ የያዘ ሰው ከባለ መኪናው ሁለት ነገር ይማር። ጭራሮውን ኹሉ ሳይለቅም ከፊሉን በተዳፋቱ ላይ አግድም ያንጥፍ፤ በቈረጠውም ፈንታ ይትከል። አንድ ዛፍ በመጥረቢያም ቢኾን በጥቂት ጊዜ ይወድቃል፤ የሚተካውን ግን የሚያየው ልጁ ነው።

ጥያቄ።
፩ኛ፤ የመኪናው ራስ ዛፉን ሳይዝ ቢቈርጥ ምን ይደርሳል?
፪ኛ፤ መኪናው ያላሳጠረው ጊዜ የትኛው ነው?
፫ኛ፤ በመንደራችሁ ዛፍ የተቈረጠበት ተዳፋት የት ነው? በፈንታውስ ምን ተተከለ?