እየተናገሩ መስማት፤ ስለ ራዲዮ ድጋሚ አስተላላፊ አሠራር

ባለፈው የክረምት ዕረፍት በአሜሪካ አገር፣ በኮሎራዶ ግዛት በዴንቨር ከተማ ከሚኖሩት አጎቴ ዘንድ ለመሰንበት ዕድል አግኝቼ ነበር። አጎቴ የአማተር ራዲዮ ፈቃድ ያላቸው ሰው ናቸው። ከማኅበራቸው ጓደኞች ጋር ሆነው ከአሮጌ የሥራ መኪና መነጋገሪያ ራዲዮዎች ድጋሚ አስተላላፊ ሲሠሩ እኔም በረዳትነት ሠራሁ። ከዚያ የተማርኩትን፣ ያጠፋሁትንም ጭምር፣ ለጓደኞቼ ለማካፈል ይህን ጽፌአለሁ።

አማተር ራዲዮ ማለት ፈተና አልፈው ፈቃድ ያገኙ ሰዎች ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀትና ለአገልግሎት የሚያካሂዱት የራዲዮ ግንኙነት ነው። በ2 ሜትር ሞገድ፣ ማለት ከ144 እስከ 148 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክፍል፣ ሞገዱ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ይጋርደዋል። ስለዚህ በተራራው ራስ ላይ ድጋሚ አስተላላፊ ይተከላል። ይህ መሣሪያ ከአንዱ ሸለቆ የመጣውን ደካማ ድምፅ ሰምቶ በዚያው ቅጽበት አጠንክሮ ወደ ሌላው ሸለቆ ይልካል። ጥቅሙም ቀላል አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር ኮሎራዶን ጎርፍ ባጥለቀለቀ ጊዜ መንገድና ስልክ ለተቋረጠባቸው መንደሮች አማተሮች መልእክት በማመላለስ ረድተዋል።

አሮጌዎቹ ራዲዮዎች ከየት መጡ? የአሜሪካ መንግሥት ከ150 እስከ 174 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክፍል የሚሠሩ የንግድና የሥራ ራዲዮዎች የ25 ኪሎ ኸርዝን ስፋት ትተው በ12.5 ኪሎ ኸርዝ እንዲሠሩ አዘዘ፤ የመጨረሻውም ቀን ጥር 1 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙ ጤነኛ ራዲዮዎች ከሥራ ወጡ። አማተሮችን ግን ትእዛዙ ስለማይመለከታቸው፣ እንደ ሞቶሮላ ማይኮርና እንደ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ማስተር 2 ያሉትን ጠንካራ ራዲዮዎች ለራሳቸው ሥራ አዋሉአቸው።

እኛም ሁለት ማስተር 2 ይዘን ጀመርን። አንደኛው ተቀባይ፣ ሁለተኛው አስተላላፊ ሆነ። ክሪስታሎቹን ለወጥን፤ መጠምጠሚያዎቹንም ክራር እንደሚቃኝ አድርገን ወደ አማተሮች ሞገድ ቃኘን። ተቀባዩ 146.34፣ አስተላላፊው 146.94 ሜጋ ኸርዝ ሆነ፤ ልዩነቱ 600 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ነው። ከዚያም ተቀባዩ ድምፅ ሲሰማ የአስተላላፊውን መናገሪያ እንዲከፍት በሽቦ አገናኘናቸው። ከ3 ደቂቃ በላይ ያለማቋረጥ የሚናገር ቢኖር የሚዘጋ ሰዓት ቆጣሪ ጨመርን። በየ10 ደቂቃው የጣቢያውን መጠሪያ የሚናገር ክፍልም አከልን፤ ይህ የአገሩ ሕግ ነው።

በመሞከሪያ ጠረጴዛ ላይ፣ አስተላላፊው ከአንቴና ሳይሆን ጉልበቱን ወደ ሙቀት ከሚለውጥ ሬዚስተር ጋር ተያይዞ ሳለ፣ ሁሉም መልካም ሆነ። ለእያንዳንዳቸው አንቴና ሰጥተን በጣራው ላይ ጎን ለጎን በሰቀልናቸው ጊዜ ግን ከሩቅ የሚመጣው ድምፅ ቶሎ ቶሎ እየተቆራረጠ ቀረ። እኔ ሽቦ የላላ መሰለኝና እየዞርኩ ብሎን አጠበቅሁ።

አጎቴ ሳቁና፣ «ልጄ፣ አንተ እየጮኽህ የጎረቤትህን ሹክሹክታ ትሰማለህ?» አሉኝ።

«አልሰማም፣ ጋሼ» አልኩ።

ነገሩ ይህ ነበር። ተቀባዩ ደካማውን ድምፅ ሲሰማ አስተላላፊው ይነሣል፤ አስተላላፊው ሲነሣ አጠገቡ ያለውን ተቀባይ ያደነቁረዋል፤ ተቀባዩ ሲደነቁር አስተላላፊው ይዘጋል፤ ሲዘጋም ተቀባዩ እንደገና ይሰማል። ተቀባዩ የቮልት ሚልዮንኛ ሩቡን ያህል ትንሽ ኃይል እንኳ ይሰማል። በ50 ኦም ብናሰላው፣ የ40 ዋቱ አስተላላፊ ከዚህ ኃይል የሚበልጠው ከ3 በኋላ 16 ዜሮ ሲጻፍ በሚገኘው ቁጥር ያህል እጥፍ ነው!

መድኃኒቱ ዱፕሌክሰር ይባላል። የእኛው ቁመታቸው ከ50 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ስድስት የብረት ሲሊንደሮች ያሉበት ሲሆን፣ ሦስቱ በተቀባዩ፣ ሦስቱ በአስተላላፊው በኩል ይቆማሉ። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሞገድ አሳልፎ የሌላውን ያግዳል። 80 ዴሲቤል ቢያግድ፣ ኃይሉ 100 ሚልዮን ጊዜ ይቀንሳል ማለት ነው። በዚህም ሁለቱ ራዲዮዎች በአንድ አንቴና ላይ ሳይጣሉ ሠሩ።

ጥፋቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጎቴ ከረጅሙ ሙከራ በፊት ኃይሉን ወደ 20 ዋት እንድቀንስ ነግረውኝ ነበር። እኔ ግን ርቆ እንዲሰማ ስለጓጓሁ በ40 ተውኩት። የመኪና ራዲዮ የተሠራው ጥቂት ተናግሮ እንዲያርፍ ነው፤ ድጋሚ አስተላላፊ ግን ብዙ ሰው በተራ ሲናገርበት ዕረፍት የለውም። ብዙም ሳይቆይ የቃጠሎ ሽታ ሸተተኝ፤ የኃይል ትራንዚስተሩ ተቃጥሎ አገኘሁት። አጎቴ አልተቆጡኝም። ሌላ ትራንዚስተር ሰጥተው ራሴ እንድበይደው አደረጉኝ፤ ማራገቢያም ጨመርንለት። ያን ቀን ከቁጣ ይልቅ ዝምታቸው አስተማረኝ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በአገራችንም በአዲስ አበባ በአምስት ኪሎ፣ ኢቲ 3 ኤኤ በሚል መጠሪያ የሚታወቅ የአማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ። ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ ክልክል ስለሆነ፣ የምትወዱ ሁሉ አስቀድማችሁ ትምህርቱን ያዙ። እኔ ከተራራው ጫፍ ይዤ የተመለስኩት ይህን ነው፤ ድምፅን ማጠንከር ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው እየተናገሩ መስማት ነው።