በቅጥር ግቢያችን ረጃጅም የጌጥ ሣር ከመትከላችን በፊት



ቤተ ክርስቲያናችን ሣርን የምትንቅ አይደለችም። በቀዳም ሥዑር ካህናት ቄጠማ ያድላሉ፤ ምእመናንም በራሳቸው ላይ ያስሩታል። በዚህ ትምህርት የምናነሣው ከችግኝ መሸጫ እየተገዛ ለጌጥ የሚተከለውን፣ በጉቶ መልክ የሚያድገውንና ላባ የመሰለ አበባ የሚያወጣውን ረጅም ሣር ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የመንገድ ዳር አትክልት ሲስፋፋ፣ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኙ አጥቢያዎችም ግቢያቸውን በዚያው አምሳል ለማስዋብ መመኘታቸው አያስገርምም። በቅርቡ የተመለከትሁት የአንድ አጥቢያ ዕቅድ ግን አሳስቦኛል። ሣሩን በረድፍ ለመትከል የታሰበው በቅጥሩ ግንብ ሥር፣ ምእመናን ጧፍ በሚያበሩበት በኩል ነበር።

የዚህ ሣር ጠባይ መታወቅ አለበት። አዲሱ ቅጠል ሲበቅል ያለፈው ዓመት ቅጠል ደርቆ በዚያው በጉቶው ውስጥ ይቀራል። ከውጭ አረንጓዴ ሆኖ ቢታይም ውስጡ ጭድ ነው። በየዓመቱ ከሥሩ ካልታጨደ ጭዱ ይደራረባል። ሣሩ እጅግ የሚደርቀው ደግሞ በበጋ ነው፤ ጥምቀትንና አስተርእዮ ማርያምን የምናከብረው፣ ግቢው በሕዝብና በጧፍ የሚሞላው በዚያው በጥር ወር ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አጠጥቶ ለማለምለም መሞከርም ለአጥቢያው ሌላ ዕዳ ነው። በጉቶዎቹ መካከል ፌስታል ይከማቻል፣ አይጥም ይደበቃል፤ የአንዳንዱ ዓይነት ቅጠል ጠርዝም የሕፃናትን እጅ ይቆርጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ከግቢ መውጣቱ ነው። እምቦጭን እናስታውስ፤ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአበባው ውበት ምክንያት ሲሆን፣ በጣና ያደረሰውን ጉዳት ሁላችንም እናውቃለን። የሣርም ምሳሌ አለ። ፔኒሴተም ሴታሴየም የተባለው፣ መገኛው ምሥራቅና ሰሜን አፍሪካ የሆነው ሣር በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለጌጥ ወደ ሃዋይ ተወሰደ። ዘሩ በነፋስ እየተበተነ በደረቁ የእሳተ ገሞራ ሜዳዎች ላይ ተስፋፋ፤ ዛሬ በዚያ የሰደድ እሳት ማገዶ ነው። በገዛ አገሩ ልኩን ይዞ የኖረ ሣር በሰው አገር እንዲህ ሆነ!

ቀድማችሁ የተከላችሁ አጥቢያዎች ሣሩን ዘር ሳይበትን፣ ቢዘገይ ከጥር በዓላት አስቀድሞ፣ ከሥሩ ብታሳጭዱት መልካም ነው። በወይራና በጽድ ችግኞች ዙሪያ ያለው ግን ውኃቸውን ስለሚሻማ ቢነቀል ይሻላል።

ከላይ የጠቀስሁት አጥቢያ አንድ አባት ወይራ እንዲተከል ሐሳብ ባቀረብን ጊዜ፣ “ወይራው እስኪያድግ ማን ይቆያል?” ብለው ጠየቁኝ። ወይራ በእርግጥ አዝጋሚ ነው፤ መልስ አልነበረኝም። ኮሚቴው ከተወያየ በኋላ በተቆፈሩት ጉድጓዶች ወይራ ተተከለ፤ የጧፍ ማብሪያውም ዙሪያ ድንጋይ ተነጠፈበት።