አንድ ካርድና ሁለት ሾፌሮች

በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ማስነሣት ይቻላል ሲባል የሚሰማ ሰው መጀመሪያ ላይ ቀልድ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እውነት ነው። ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ኬቪኤም በሚባለው መሣሪያ አማካይነት ዊንዶውስን እንደ አንድ ተራ ፕሮግራም ማስነሣት ይቻላል። ኬቪኤም ከሊኑክስ እምብርት ጋር የተዋሐደው በ2007 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ አዲስ ነገር ነው አይባልም። ውስጠኛው ኮምፒዩተር ቨርቹዋል ማሽን ይባላል፤ እኛ ግን ለአነጋገር እንዲመች እርሱን «እንግዳው»፥ ያሳደረውን ሊኑክስ ደግሞ «ባለቤቱ» እንላቸዋለን።

እንግዳው አንድ ጉድለት አለበት። ይኸውም የሚታየው የግራፊክስ ካርድ እውነተኛ ሳይሆን በፕሮግራም የተሠራ አምሳያ ነው። ደብዳቤ ለመጻፍ ይበቃል፤ በአውቶካድ የአንድ ቤት ፕላን ከፍቶ ለማዞር ሲሞከር ግን ይንቀራፈፋል። መድኀኒቱ እውነተኛውን ካርድ ከባለቤቱ ወስዶ ለእንግዳው ማስረከብ ነው። ይህ ርክክብ ፓስስሩ ይባላል።

ነገሩ ለእኛ የቅንጦት ጉዳይ አልነበረም። የክበባችን ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከቢሮ የወጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩት ሊኑክስን ይፈልጋሉ፤ የቴክኒክ ሥዕል የሚለማመዱትና በከተማችን ወዳለው ወደ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያስቡት ደግሞ ዊንዶውስን ይፈልጋሉ። ስለዚህ በመዋጮ አንድ ያገለገለ ጂፎርስ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ገዛን። ይህ ካርድ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን 60 ዋት ብቻ ስለሚጠቀም ኃይሉን ከተሰካበት ማስገቢያ ያገኛል፤ ማስገቢያው እስከ 75 ዋት ይሰጣልና። የቢሮ ኮምፒዩተሮች የኃይል ሣጥን ብዙውን ጊዜ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ ስለሌለው እንዲህ ያለውን መምረጥ ግድ ነበር።

ካርዱን ካስረከብን በኋላ ዊንዶውስ ተነሣ፤ ነገር ግን በካርዱ ስም ላይ ቢጫ ምልክትና «ኮድ 43» የሚል ጽሕፈት ወጣ። መልእክቱ በአማርኛ ቢነገር «ዕቃው ችግር እንዳለበት ስለ ገለጸ ዊንዶውስ አቁሞታል» የሚል ነው። አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው። እርሱም መልእክቱን ከነገርነው በኋላ፥ ሳይሰካው፥ «ተቃጥሏል» ብሎ በጥቂት ብር ሊወስደው ጠየቀን። ለመሸጥ ምንም ያህል አልቀረንም ነበር።

ከመሸጣችን በፊት ያደረግነው አንድ ነገር አዳነን። ዊንዶውስ በቀጥታ፥ ያለ ምንም ሊኑክስ፥ በተጫነበት በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ካርዱን ሰካነው፤ ያለ አንዳች ችግር ሠራ። እንግዲህ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ርክክቡ ነው ማለት ነው። ይህ ፈተና የአንድ ሰዓት ሥራ ነውና ማንም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያደርገው ይገባል።

ርክክቡ የት ላይ እንደ ተበላሸ ለማወቅ በየደረጃው አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ ነበር፤ እርሱም «በዚህ ሰዓት ካርዱን የያዘው ማን ነው?» የሚል ነው። ለካርድ የሚጻፈው ድራይቨር የተባለው ፕሮግራም ስሙ በእንግሊዝኛ ሾፌር ማለት ነው፤ ስያሜውም ትክክል ነው። አንድ ባጃጅ መሪውን ሁለት ሾፌር ይዞት ከፖስታ ቤት ወደ ፍራንኮ እንደማይሄድ ሁሉ፥ አንድ ካርድም የባለቤቱና የእንግዳው ድራይቨር በአንድ ጊዜ ሲይዙት አይሠራም።

የመጀመሪያው ደረጃ ባዮስ ነው። ብዙ ሰው ቪቲ-ኤክስ የሚባለውን ከፍቶ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እርሱ እንግዳውን ለማስነሣት ይበቃል፤ ካርድ ለማስረከብ ግን በኢንቴል ቪቲ-ዲ፥ በኤኤምዲ ደግሞ አይኦኤምኤምዩ የሚባለው ለብቻው መከፈት አለበት። የዚህ ጥቅም እንዲህ ነው። ካርዱ ወደ ሜሞሪ የሚጽፈው ፕሮሰሰሩን ሳያስፈቅድ በቀጥታ ነው። እንግዳው ደግሞ ሜሞሪው ከዜሮ ቁጥር የሚጀምር ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን የተሰጠው ቦታ ሌላ ነው። የቤት ቁጥር 212 በብዙ ቀበሌ ይገኛል፤ ቀበሌው ያልተጻፈበት ደብዳቤ የሌላ ሰው ቤት መግባቱ አይቀርም። አይኦኤምኤምዩ በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ቀበሌውን የሚጨምር ጸሐፊ ነው። እርሱ ከሌለ ካርዱ በባለቤቱ ሜሞሪ ላይ ይጽፍና ሁሉንም ያበላሻል። አሮጌ ኮምፒዩተር የምትገዙ ሁሉ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ውድ ፕሮሰሰር ሁሉ አለው ማለት አይደለምና። ለምሳሌ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮር አይ7-2600 ቪቲ-ዲ ሲኖረው፥ ከእርሱ የሚወደደው 2600ኬ ግን የለውም። በኢንቴል ኮምፒዩተር ላይ ከባዮሱ ሌላ በሊኑክስ የማስነሻ መስመር ላይም አይኦኤምኤምዩ እንዲበራ የሚያዝዝ ቃል መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል።

በሁለተኛው ደረጃ ብዙ ቀን አጠፋን። አይኦኤምኤምዩ ዕቃዎችን አንድ በአንድ ሳይሆን በቡድን ይከፍላቸዋል፤ አንድ ቡድን ደግሞ ተከፍሎ ግማሹ ለእንግዳው፥ ግማሹ ለባለቤቱ ሊሆን አይችልም። ወንጂ የሸንኮራ እርሻ ሄዶ ያየ ተማሪ ይህ አይከብደውም። ከአዋሽ የተጠለፈው ውኃ በቦይ ሲመጣ የአንዱ ቦይ በር ከተከፈተ በዚያ ቦይ ሥር ያለው መደብ ሁሉ ይጠጣል፤ መካከለኛውን መደብ ብቻ ለይቶ ማጠጣት አይቻልም። እኛ ካርዱን የሰካነው በሁለተኛው ማስገቢያ ላይ ነበር። የቡድኑን ዝርዝር ከሊኑክስ ስናወጣ ካርዱ ከኔትወርክ ካርዱ ጋር በአንድ ቦይ ሥር ተገኘ። ለፕሮሰሰሩ ቅርብ ወደ ሆነው ማስገቢያ ስናዛውረው ከእርሱ ጋር የቀሩት የራሱ የድምፅ ክፍልና አንድ ድልድይ ብቻ ሆኑ። የድምፁ ክፍል አብሮ ይሰጣል፤ ድልድዩ ግን ባለበት ይቀመጣል።

ቡድኑን በግድ የሚከፋፍል ኤሲኤስ ኦቨርራይድ የሚባል ማሻሻያ አለ። በወረቀት ላይ ቦዩን ይከፍለዋል እንጂ መሬት ላይ ግድግዳ አይሠራም፤ በእኔ አስተያየት ብዙ ተማሪ በሚጠቀምበት ኮምፒዩተር ላይ ሊገባ የሚገባው አይደለም።

ሦስተኛው ደረጃ የባለቤቱን ሾፌር ማስወረድ ነው። ሊኑክስ ሲነሣ ኑቮ የተባለው ድራይቨር ጂፎርስን ባየ ጊዜ ወዲያው ይይዛል። ስለዚህ ቪኤፍአይኦ የተባለው፥ በ2012 እ.ኤ.አ. ከሊኑክስ 3.6 ጋር የመጣው ጠባቂ ድራይቨር፥ ከኑቮ ቀድሞ ካርዱን እንዲይዝ ይታዘዛል። ትእዛዙ የሚጻፈው ካርዱም የድምፁ ክፍልም ባላቸው መለያ ቁጥር ነው። ትእዛዙን ጽፎ የማስነሻውን ፋይል እንደገና አለመሥራት የተለመደ ስሕተት ነው፤ እኛም ሠርተነዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የዕቃዎቹን ዝርዝር አውጥቶ በካርዱ ሥር «በሥራ ላይ ያለው ድራይቨር» ከሚለው አጠገብ ቪኤፍአይኦ የሚል መኖሩን ማየት ነው።

ነገር ግን ድራይቨሩ ሳይዘው ባዮሱ ሊይዘው ይችላል። ኮምፒዩተሩ ሲበራ የመጀመሪያውን ሥዕል በዚያ ካርድ ካሳየ፥ ሊኑክስ የዚያን ሥዕል ቦታ በካርዱ ላይ ይዞ ይቀራል። ምልክቱ በመዝገቡ ላይ የካርዱን ሜሞሪ መያዝ አልተቻለም የሚል መስመር በብዛት መደጋገሙ ነው። የሚሻለው በባዮስ ውስጥ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ግራፊክስ ቀዳሚ እንዲሆን ማድረግ ነው። እንዲህ ሲሆን ሁለት የስክሪን ገመድ ይኖራል፤ አንዱ ከማዘርቦርዱ፥ አንዱ ከካርዱ። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ «ጨለማ ሆነ» ብለን ስንጨነቅ ገመዱ ካርዱ ላይ እንዳልተሰካ ያየችው ከሁላችን ታናሽ የሆነችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ገመዱ ተሰክቶም ጨለማ ከሆነ የካርዱን የራሱን ባዮስ መመርመር ያሻል። እንግዳው ኦቪኤምኤፍ በሚባለው አዲሱ ዓይነት ማስነሻ የሚነሣ ሆኖ የካርዱ ባዮስ የድሮ ከሆነ፥ ዊንዶውስ ድራይቨሩን እስኪያነሣ ድረስ ምንም አይታይም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ኮድ 43 ግን አልጠፋም። አሁን ካርዱን የያዘው እንግዳው ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሚፈለገው በእንግዳው ሾፌር ላይ ነው። የኤንቪዲያ ኩባንያ የጂፎርስ ድራይቨሮች ለብዙ ዓመታት በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መሆናቸውን ሲያውቁ አንሠራም ይሉ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው ዘዴ በእንግዳው መግለጫ ፋይል ውስጥ የኬቪኤምን ምልክት መደበቅና የአምራቹን ስም መለወጥ ነበር። ኩባንያው ከ465ኛው ድራይቨር ጀምሮ፥ ማለትም ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ፥ ይህን ክልከላ አነሣ። እኛ ኢንተርኔት እንዳይፈጅብን ብለን ድራይቨሩን የጫንነው ከአንድ ልጅ ፍላሽ ላይ ነበር። ቁጥሩን ስናየው ከ465 ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አዲሱን አውርደን ጫንን፤ ቢጫው ምልክት ጠፋ፤ የቤቱም ፕላን ያለ መንቀራፈፍ ዞረ። የተቃጠለ ነገር አልነበረም።

ካርድ ለመግዛት ለሚያስቡ አንድ ነገር ልጨምር። የኤኤምዲ ካርዶች ኮድ 43ን በተመለከተ እንዲህ ያለ ክልከላ አልነበረባቸውም፤ ነገር ግን እንደ ሬዲዮን አርኤክስ 500 ባሉት ዘንድ ሌላ ችግር አለ። እንግዳው ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ይነሣል፤ ከተዘጋ በኋላ ሁለተኛ ሲነሣ ግን ስክሪኑ ይጨልማል። ካርዱ የቀድሞውን ሥራ ረስቶ እንደ አዲስ መጀመር ስለሚያቅተው ነው። ቬንደር-ሪሴት የሚባል የሊኑክስ ተጨማሪ ለአንዳንዶቹ ይረዳል፤ ካልረዳ ሙሉውን ኮምፒዩተር አጥፍቶ ማስነሣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሻጩ ፊት እንግዳውን አንድ ጊዜ አስነሥቶ ደስ መሰኘት አይበቃም፤ ዘግቶ ደግሞ ማስነሣት ነው።