ደብተር ለጸሐፊ ምን ያደርግለታል?

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ መጻፍ የሚሻ ሰው ሁሉ የዕለት ማስታወሻ ይያዝ ሲባል እሰማለሁ። ልቦለዱን ለመጨረስ ጊዜ ያጣን ሰው፣ ማንም ለማያነበው ደብተር ሌላ ሰዓት ስጥ ማለት ተገቢ ነው?

አዛውንቱ፦ ተገቢ ነው ልጄ፤ ምክንያቱ ግን ዘወትር ከሚነገረው ይለያል። ብዙዎች ማስታወሻን የትዝታ ማኖሪያ ያደርጉታል። ይህም ጥቅም አለው፤ ለጸሐፊ ግን ዋናው አይደለም። ጸሐፊን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስረው የሐሳብ እጥረት ሳይሆን ፍርሃት ነው። አንባቢ ምን ይለኛል እያለ ገና ያልተጻፈውን ዐረፍተ ነገር ይሰርዘዋል። ደብተሩ ያለ ዳኛ መጻፍን ያስለምደዋል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1919 ያለፈውን ዓመት ማስታወሻዋን መልሳ አነበበች። አጻጻፉ የተቻኮለና ያልተስተካከለ መሆኑ አልጠፋትም። ሆኖም ከሻይ በኋላ የምትጽፍባቸው ግማሽ ሰዓቶች ለኅትመት የምትሠራውን ጽሑፍ እንዳሻሻሉላት መዘገበች። «ሚስስ ዳሎዌይ» በ1925፣ «ቱ ዘ ላይትሃውስ» በ1927 የታተሙት ከዚያ በኋላ ነው። እነዚህን መጻሕፍት ደብተሩ ብቻውን ወለዳቸው አልልም፤ የብዕሯን መፍታታት ግን ራሷ ከዚያ ልማድ ጋር አያይዛዋለች።

ወጣቱ፦ እኛ ዘንድ ባለቅኔው ደብተር አልነበረውም። ቅኔ በቃል ተቆጥሮ በቃል ይነገራል። ያለ ማስታወሻ ለዚህ ችሎታ ከተበቃ ደብተሩ ምን ያደርጋል?

አዛውንቱ፦ ጥሩ ማስረጃ አነሣህ፤ የሚያግዘው ግን እኔን ነው። የቅኔ ተማሪ ገለል ብሎ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። የትናንቱን መድገም ነውር ስለሆነ በማግስቱ አዲስ ይቆጥራል። ጀማሪ ከሚቆጥረው ከጉባኤ ቃና አስነሥቶ እስከ ከባዱ መወድስ የሚያደርሰው ይኸው የማያቋርጥ ልምምድ ነው። በተማሪነቱ የቆጠራቸው ቅኔዎች አብዛኞቹ ተረስተው ይቀራሉ፤ ችሎታው ግን አብሮት ይኖራል። ታዲያ ቁም ነገሩ ብራናው ወይም ወረቀቱ ሳይሆን፣ ለዝና ሳይሆን ለመልመድ በየቀኑ መሥራቱ ነው። ዛሬ ቤቱ ተቀምጦ ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ግን በየዕለቱ የሚሰማው መምህር የለውም። ጉባኤ ቤቱ የሚሰጠውን ሥርዓት ለራሱ ማበጀት አለበት። የዕለቱን ሥራ ደብተሩ ያስለምደዋል፤ እርማቱን ደግሞ ከወራት በኋላ የጻፈውን መልሶ ሲያነብ ያገኘዋል።

ወጣቱ፦ ሩሲያዊው ደራሲ ቶልስቶይስ? «ጦርነትና ሰላም»ን ሲጽፍ ማስታወሻውን ትቶት ነበር ይባላል።

አዛውንቱ፦ እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1865 በኋላ ለዓመታት ከሞላ ጎደል አቋርጦታል። ነገር ግን ከዚያ በፊት የሠራውን እይ። ማስታወሻ የጀመረው በ1847፣ በ18 ዓመቱ ነው። ስንፍናውን፣ ቁማሩን፣ ለመወደስ ያለውን ጉጉት ያለ ርኅራኄ እየመዘገበ ራሱን መረመረ። በ1851 የአንድ ቀን ውሎውን ከነሐሳቡ ለመጻፍ ሞክሮ ሳይፈጽመው ተወው፤ በቀጣዩ ዓመት «ልጅነት» የተባለው ሥራው ታተመ። ሰው በአፉ አንዱን ሲናገር በልቡ ሌላ ማሰቡን ማሳየት የቻለው፣ ያንን በራሱ ላይ ለዓመታት ሲከታተል ስለኖረ ይመስለኛል። ስለዚህ የኋላው ዝምታ ልምምዱን አያፈርሰውም፤ ትልቁ ሥራ ጉልበትን ሁሉ ሲወስድ ደብተሩን ማሳረፍ እንደሚቻል ብቻ ያስረዳል። አሜሪካዊው ጆን ስታይንቤክ ደግሞ ተቃራኒውን መርጧል። በ1938 «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ»ን ሲጽፍ ጥርጣሬውን፣ የአካባቢውን ጫጫታ፣ የእንግዳውን ብዛት በሥራ ማስታወሻው ላይ ያሰፍር ነበር። ችሎታዬ አይበቃም የሚለው ስጋት እዚያው ደብተሩ ላይ ሰፍሮ ሳለ፣ ልቦለዱ በወራት ውስጥ አለቀ፤ በ1940ም የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ።

ወጣቱ፦ ሰው ስለ ራሱ ብቻ እየጻፈ በራሱ ተውጦ አይቀርም? ሌላ ሰው እጅ ቢገባስ?

አዛውንቱ፦ ሁለቱም ተገቢ ስጋቶች ናቸው። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ዓይንን ወደ ውጭ ማዞር ነው። «አዘንኩ» ብለህ አታቁም፤ ማን ምን አለ፣ በምን ድምፅ አለው፣ እጁ ምን ይሠራ ነበር ብለህ ጻፍ። ልቦለድ የሚሠራው ከዚህ ዓይነቱ ዝርዝር ነው፤ ስሜትህን ብቻ የምትደጋግም ከሆነ ግን ደብተሩ ጸሐፊ አያደርግህም። ሁለተኛው ስጋት ይበልጥ ይከብዳል። ቶልስቶይ በ1862 ከሠርጉ በፊት ማስታወሻውን ለእጮኛው ለሶፊያ አስነበባት፤ ያለፈ ሕይወቱን ማወቋ ክፉኛ አቆሰላት። ደብተር ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ደህና አድርገህ አኑረው፤ ሌላው በአደራ የነገረህን ምሥጢርም አትጻፍበት። ስለ ራስህ ግን እውነቱን አትሸሽግ፤ እዚያ ከዋሸህ ሌላ ቦታ እውነት ለመጻፍ ትቸገራለህ።

ወጣቱ፦ እንግዲህ ከየት ልጀምር?

አዛውንቱ፦ በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃሃል። ቀኑን ጻፍ፣ ያየኸውን አንድ ነገር በትክክል አስፍር፣ እየሰረዝህ ሳትቆም ቀጥል። የዘለልኸው ቀን ካለ ራስህን ሳትወቅስ በማግስቱ ተመለስ። ከጥቂት ወራት በኋላ እርሳስ ይዘህ አንብበው፤ ሕይወት ካለው ዐረፍተ ነገር ሥር አስምርና ለምን እንደተሳካ መርምር። የደብተርህ ዋጋ የሚለካው በገጹ ብዛት አይደለም፤ ለአንባቢ በምታቀርበው ሥራ ላይ በሚያመጣው ለውጥ ነው። ለውጡን ካላየህ የአጻጻፍህን መንገድ ቀይር እንጂ መጻፍህን አትተው።